የቲቢ መድኃኒት፦ አራቱ በአንድ ክኒን ወይስ ለየብቻ፣ ስድስት ወር ወይስ አራት፣ ጤና ጣቢያ ወይስ ቤት?

ቲቢ እንዳለበት የተነገረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እድናለሁ ወይ?» ብሎ ነው። አዎ፣ ይድናል። መድኃኒቱ ለያዘው የቲቢ ዓይነት የሚሆን ከሆነና እስከ መጨረሻው ከወሰደው ይድናል። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ክኒኑን ካየ በኋላ ነው። «ይሄ ሁሉ ለምን? አንድ ጠንከር ያለ መድኃኒት የለም?» ከዚያ ሌሎቹ ይከተላሉ። የአራት ወር ሕክምና አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቤቴ ሆኜ ብወስድስ? ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጣላል?

አንዳንዱን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። አንዳንዱን የሚወስኑት ታማሚውና ቤተሰቡ ናቸው። ሁለቱንም ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ ያልገባውን ነገር ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ መዋጥ ከባድ ነውና። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ጠንካራ መድኃኒት ለምን አይበቃም?

ተሞክሯል። በመርፌ የሚሰጠው የቲቢ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን በ1943 አሜሪካ ውስጥ ተገኘ። በ1948 እንግሊዞች በሽተኞችን በሁለት ቡድን ከፍለው የሞከሩበትን ውጤት አወጡ። መርፌውን የተወጉት በመጀመሪያዎቹ ወራት በግልጽ ተሻላቸው። ከዚያ ግን የብዙዎቹ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ተላመደው፤ ሕመሙም ተመልሶ ባሰባቸው። ሌላ መድኃኒት አብሮ ሲሰጥ መላመዱ በጣም ቀነሰ። በ1952 ኢሶኒያዚድ፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ኢታምቡቶልና ሪፋምፒሲን መጡ። ዛሬ የታመመን ሰው በአንድ መድኃኒት ብቻ የሚያክም ባለሙያ የለም።

ምክንያቱ የባክቴሪያው ብዛት ነው። በተጎዳ ሳንባ ውስጥ በብዙ ሚሊዮን ይቆጠራል። ከዚያ ሁሉ መሀል ጥቂቶቹ ገና ከመጀመሪያው አንዱን መድኃኒት የሚቋቋሙ ናቸው። ያ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ሌላው ያልቃል፣ እነሱ ይተርፋሉ፣ ቦታው ለእነሱ ይለቀቃል። ሁለትና ሦስት መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ባክቴሪያ የመኖሩ ዕድል ግን እጅግ ጠባብ ነው።

አራቱ መድኃኒቶች የሥራ ድርሻም አላቸው። ኢሶኒያዚድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ይገድላል። ሪፋምፒሲን አድፍጦ ተኝቶ አልፎ አልፎ የሚነቃውን ይይዛል፤ በሽታው እንዳያገረሽ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ፒራዚናማይድ ሌሎቹ ብዙም በማይሠሩበት አሲዳማ ቦታ ይሠራል፤ ሕክምናው ወደ ስድስት ወር ያጠረው እሱ በመጨመሩ ነው። ኢታምቡቶል ደግሞ ባክቴሪያው ኢሶኒያዚድን አስቀድሞ ተላምዶ ቢገኝ ሪፋምፒሲን ብቻውን እንዳይቀር ይጠብቃል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራቱም፣ በቀጣዮቹ አራት ወራት ሪፋምፒሲንና ኢሶኒያዚድ ይሰጣሉ።

አራቱ በአንድ ክኒን ወይስ ለየብቻ?

ዛሬ በብዛት የሚሰጠው የተቀናጀው ክኒን ነው። ለአዋቂ የሚሠራው አንዱ ክኒን 150 ሚሊግራም ሪፋምፒሲን፣ 75 ኢሶኒያዚድ፣ 400 ፒራዚናማይድና 275 ኢታምቡቶል ይዟል። የሚወሰደው ቁጥር በክብደት ይወሰናል፤ ብዙ አዋቂዎች በቀን ሦስት ወይም አራት ይደርሳቸዋል። ለየብቻ ቢሆን ያው መጠን ወደ ዘጠኝ ክኒን ይጠጋል።

የተቀናጀው ክኒን ከተነጠለው ይበልጥ ኃይለኛ ነው ወይ? አይደለም። ሁለቱን ያወዳደሩ ጥናቶች በማዳን በኩል ያገኙት ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 መመሪያው የተቀናጀውን የመረጠው በሌላ ምክንያት ነው። ለታማሚው ይቀላል፣ ባለሙያውም በመጠን አይሳሳትም። ከሁሉ በላይ መርጦ መተው አይቻልም። ለየብቻ የተሰጠው ሰው «ይቺ ሆዴን ታመኛለች» ብሎ አንዷን ትቶ ሌላዋን ሊቀጥል ይችላል። እንዲህ ሲያደርግ ሳያውቀው ወደ 1948ቱ ስህተት ይመለሳል። ለእኔ የተቀናጀው ክኒን ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

የተነጠለው ተመራጭ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። ጉበቱ በመድኃኒቱ የተቆጣ ሰው ሁሉንም ያቆምና ጉበቱ ሲያገግም አንድ በአንድ ይጀመርለታል፤ ጥፋተኛው የሚለየው እንዲያ ነው። ከባድ የቆዳ ሽፍታ የወጣበትም እንደዚሁ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶልን የሚወስደው በሳምንት ሦስት ቀን ሊሆን ይችላል፣ ሌሎቹን ግን በየቀኑ። ለእንዲህ ያለ ሰው የተቀናጀው ክኒን አይመችም። ሐኪም በአንድ ክኒን ፈንታ የተለያዩ ክኒኖች ካዘዘ «የድሮ መድኃኒት ሰጡኝ» ብለው አይከፉ። ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ደህና ምክንያት አለው።

ጥራቱም ቀላል ነገር አይደለም። ሪፋምፒሲን ከኢሶኒያዚድ ጋር ሲቀላቀል በጨጓራ አሲድ ውስጥ በቀላሉ ይበላሻል። አሠራሩ ካልተጠነቀቀ ክኒኑ ተውጦም ሪፋምፒሲኑ በበቂ መጠን ደም ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የቲቢ መድኃኒት ከገበያ፣ ከጎረቤት ወይም ዘመድ ከውጭ ከላከው ሻንጣ አይወሰድም። በኢትዮጵያ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ክኒኑ እርጥበት አይወድምና ከነማሸጊያው ያስቀምጡት። የሳምንቱን ሁሉ ፈልቅቆ በላስቲክ መቋጠር፣ ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ማኖር ያበላሸዋል።

አንድ ሌላ ነገር። መጠኑ የሚወሰነው በክብደት ነው። ሕክምናው ሲሠራ ይወፍራሉ፤ ያኔ የክኒኑ ቁጥር ሊቀየር ይችላል። በየቀጠሮው ሚዛን ላይ ይውጡ። ሚዛኑ ከተረሳ እርስዎ ያስታውሱ።

ለልጆች ግን የአዋቂውን ክኒን መቁረጥና መፍጨት ይቅር። ልጆች ከክብደታቸው አንጻር ከአዋቂ ከፍ ያለ መጠን ስለሚፈልጉ ግምት አያዋጣም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በውኃ የሚሟሟ፣ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው የልጆች ክኒን አለ። 75 ሪፋምፒሲን፣ 50 ኢሶኒያዚድና 150 ፒራዚናማይድ ይዟል። በጥቂት ንጹሕ ውኃ ይሟሟል፤ ወዲያው ነው የሚጠጣው፣ ለማታ ተብሎ አይቀመጥም። ኢታምቡቶል ካስፈለገ ለብቻው ይጨመራል። ልጁ 25 ኪሎ ሲሞላ ወደ አዋቂው ክኒን ይሸጋገራል።

በየቀኑ ወይስ በሳምንት ሦስት ቀን?

በየቀኑ። ቀድሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚሰጥባቸው አገሮች ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ያንን አቁማችሁ በየቀኑ አድርጉት ብሏል።

ስድስት ወር ወይስ አራት?

እዚህ ላይ ብዙ ግራ መጋባት አለ። 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑና 40 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝኑ ሰዎች የአራት ወር ሕክምና መኖሩ እውነት ነው። ጥናቱ በ2021 ወጣ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 በመመሪያው አካተተው። ነገር ግን መድኃኒቶቹ ሌላ ናቸው። በሪፋምፒሲን ፈንታ ሪፋፔንቲን፣ በኢታምቡቶል ፈንታ ሞክሲፍሎክሳሲን ይገባል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እንደ አንጎልና አጥንት ቲቢ ላሉ ከባድ ዓይነቶችም አይሆንም። የሚዋጠው ክኒን ቁጥርም ይበዛል።

ይህ ሕክምና ባለበት ቦታ ከቀረበልዎት ጥሩ አማራጭ ነው። ካልቀረበልዎት ግን የተነፈጉት ነገር የለም፤ የስድስት ወሩ እኩል ያድናል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሰው «አራት ወር ይበቃል ተብሏል» ብሎ የስድስት ወሩን መድኃኒት በአራተኛው ወር ሊያቆም ይችላል። ይህ ምርጫ አይደለም፣ ማቋረጥ ነው። በሁለተኛው ወር ሳሉ ይጠፋል፣ ምግብ ይከፈታል፣ ጉልበት ይመለሳል። ሰውየው ዳንኩ ይላል። ውስጡ የቀረው አድፋጭ ባክቴሪያ ግን ገና አላለቀም።

በልጆች ግን ነገሩ ለየት ይላል። በሕንድ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዛምቢያ የተሠራ ጥናት ቀለል ያለ ቲቢ ያለባቸው ልጆች በዚያው በተለመደው መድኃኒት በአራት ወር እንደሚድኑ አሳየ። «ቀለል ያለ» መሆኑን የሚለየው ሐኪሙ ነው። ከ3 ወር እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ ካለዎት «የእሱ አራት ወር ይበቃዋል ወይ?» ብለው መጠየቅ ተገቢ ነው።

የት ሆኖ መዋጥ?

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ምርጫ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ተሸንፎ ነውና። በባለሙያ ፊት የመዋጥ ሥርዓት፣ ማለትም ዶትስ፣ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1992 በአርሲና በባሌ ነው። ዛሬ ከጤና ጣቢያ ሌላ ጤና ኬላም አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም አለች። ቤተሰብም ደጋፊ ሊሆን ይችላል።

ጤና ጣቢያ በየቀኑ መሄድ ጥሩ ጎን አለው። የጎንዮሽ ጉዳት ሲጀምር ባለሙያ ያየዋል፣ አይንዎ ቢጫ ሲሆን ከእርስዎ ቀድሞ ያስተውላል። ክፉ ጎኑ ደግሞ የታክሲው፣ የሥራው፣ የሰልፉ ነገር ነው። የቀን ሠራተኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካርድ ክፍል ከቆመ የዚያን ቀን እንጀራው ቀረ። ሰፈር ውስጥ ከታየ «ቲቢ ይዞታል» መባሉንም የሚፈራ አለ። እንዲህ ከሆነ ሳይናገሩ ከመቅረት ይልቅ «ወደ ቤቴ ቅርብ ወደሆነ ቦታ ቀይሩልኝ» ማለት ይቻላል፤ ይገባልም።

ቤት ሆኖ መውሰድ ከተፈቀደ ደጋፊውን በጥንቃቄ ይምረጡ። የሚወዱት ሰው ሁሉ ጥሩ ደጋፊ አይሆንም። ጠዋት ቤት የሚገኝ፣ «በኋላ እውጠዋለሁ» ሲሉት የማይለቅዎ፣ ግን የማይቆጣዎት ሰው ይሁን። አንዳንዴ እህት፣ አንዳንዴ የጎረቤት ልጅ፣ አንዳንዴ የእድር ጓደኛ ነው። ካርዱ ላይ ምልክት የሚያደርገው እሱ ይሁን። ደጋፊው ስለ መተላለፉ ከሰጋም ይህን ይንገሩት፦ በሽታው ለመድኃኒቱ የሚሸነፍ ዓይነት ከሆነና በትክክል ከተወሰደ የማስተላለፍ አቅሙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም ይቀንሳል። መስኮት ክፍት ማድረግም ይረዳል።

ለአጨዳ፣ ለበዓል ወይም ለሥራ ወደ ሌላ አካባቢ የሚሄዱ ከሆነ ሳይነግሩ አይውጡ። የዝውውር ወረቀት ይጻፍልዎታል፤ የሄዱበት ጤና ጣቢያ ካቆሙበት ይቀጥላል። ወደ አረብ አገር ለመሄድ ያሰበ ሰውም የደረት ራጅ ምርመራ እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ ሕመሙን ሊደብቅ ይፈተናል። ሕክምናውን አገር ቤት ጨርሶ፣ የመጨረሻውን የምርመራ ውጤት ይዞ መውጣት ይሻላል። በመንገድ ላይ ወይም በሰው ቤት ያለ መድኃኒት መቅረት ከጉዞው መዘግየት ይከፋል።

ስለ ሰዓቱ፦ ባዶ ሆድ ላይ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይመረጣል። ካቅለሸለሸዎት ትንሽ ነገር በልተው ይዋጡት፤ ከመተው በጣም ይሻላል። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳን የማይቀምስ ሰው መድኃኒቱን በየቀኑ የተለያየ ሰዓት ላይ ይወስድና መጨረሻ ላይ ይረሳዋል። የታመመ ሰው እንዲጾም ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም አያስገድዱም። የንስሐ አባትዎን ወይም የሃይማኖት መሪዎን ያነጋግሩ። መጾሙን ከመረጡም ሰዓቱን ከባለሙያው ጋር አስቀድመው ይወስኑ። አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ የተለመደውን ይውሰዱ እንጂ እጥፍ አይዋጡ፤ መርሳትዎን ግን ይናገሩ።

ከሌላ መድኃኒት ጋር

ይህን ክፍል ለባለቤትዎም ያንብቡላት ወይም ያንብቡለት። ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ቲቢውን እየገደለ ሌላውን መድኃኒት ያደክማል።

የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ ዶሉቴግራቪር ያለበትን ክኒን በቀን አንዴ ይወስዳል። ሪፋምፒሲን ሲጀመር ከ12 ሰዓት በኋላ ሌላ 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር ይጨመርለታል። ሪፋምፒሲኑ ካለቀ በኋላም ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኝ ሰው ስለማይኖር ይሆናል፣ ይህ አንዳንዴ ይረሳል። ቲቢ ክፍሉ የኤችአይቪውን፣ የኤችአይቪው ክፍል የቲቢውን ማወቁን እርስዎ ያረጋግጡ።

የወሊድ መከላከያ ክኒን በሪፋምፒሲን ምክንያት ይደክማል፤ በክንድ የሚቀበረውም ሊደክም ይችላል። የሦስት ወሩ መርፌና በማሕፀን የሚቀመጠው ሉፕ ግን ይሠራሉ። ያልታሰበ እርግዝና ከመጣ ግን መድኃኒቱን አያቋርጡ። አራቱም መድኃኒቶች በእርግዝናም በማጥባት ጊዜም ይሰጣሉ፤ ቫይታሚን ቢ6 ይጨመራል።

የስኳር ክኒን ኃይሉ ሊቀንስና ስኳሩ ከፍ ሊል ይችላል። ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪንም እንደዚሁ። የጨጓራ ማስታገሻ ከቲቢው ክኒን ጋር በአንድ ጊዜ አይወሰድም፤ በሰዓታት ይለያዩት። አረቄ፣ ጠላ፣ ጠጅና ቢራ ጉበት ላይ ሸክም ይጨምራሉ፤ በነዚህ ስድስት ወራት ይቅሩ። የባሕል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ሳይደብቁ ይናገሩ። ባለሙያው ቢቆጣም መናገሩ ይሻላል፤ ጉበት ሲታመም ምክንያቱን ለማግኘት ያስፈልጋል።

ልታገሠው ወይስ ልሩጥ?

ሽንትና እንባ ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ሲሆን ደም አይደለም፤ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው። ማቅለሽለሽ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝና ማቃጠል በሚቀጥለው ቀጠሮ ይነገራሉ። ለመደንዘዙ ቫይታሚን ቢ6 አለ። እነዚህን ብሎ መድኃኒት አይቆምም።

የሚከተሉት ግን ሌላ ናቸው። አይን ቢጫ መሆን፣ የማያቆም ትውከት ከሆድ ሕመም ጋር፣ እይታ መደብዘዝ ወይም ቀይና አረንጓዴን አለመለየት፣ ከአፍ ቁስል ወይም ትኩሳት ጋር የሚመጣ ሽፍታ፣ ቆዳ ላይ የደም ነጠብጣብ። በእነዚህ ጊዜ ሁሉንም ክኒን ያቁሙና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። አንዱን ብቻ መርጠው አያቁሙ። ሲሻልዎትም በራስዎ አይጀምሩ።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሆነ

ያኔ የላይኛው ንጽጽር አይሠራም። ሪፋምፒሲን የማይበግረው ባክቴሪያ በአራቱ መድኃኒቶች አይጠፋም። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ምርመራ ይህንን ከአክታ በሁለት ሰዓት ገደማ ይለያል። ከመጀመርዎ በፊት «ጂን ኤክስፐርት ተሠርቶልኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። በተለይ ከዚህ በፊት ታክመው ከነበረ ወይም ቤትዎ ውስጥ የተላመደ ቲቢ ያለበት ሰው ካለ አይለፉት።

የተላመደ ቲቢ ሕክምና ቀድሞ ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋ ነበር። ኢትዮጵያ ከሞንጎሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከቬትናም ጋር የተሳተፈችበት ጥናት በ2019 ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር የሚወስደው ሕክምና ከሃያ ወሩ እንደማያንስ አሳየ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ቤዳኩዊሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን ያሉበትን የስድስት ወር ሕክምና መከረ። መርፌ የለውም። ሊኔዞሊድ ደምና ነርቭን ስለሚነካ፣ ቤዳኩዊሊንና ሞክሲፍሎክሳሲን ደግሞ የልብ ምትን ስለሚነኩ ክትትሉ ጠበቅ ይላል።

በቤት ላሉት፦ የትኛው መከላከያ?

ከታማሚው ጋር የሚኖሩ፣ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች፣ እንዳይታመሙ መከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። አማራጮቹ ብዙ ናቸው። ኢሶኒያዚድ ብቻውን በየቀኑ ለስድስት ወር የቆየው ነው፤ ጉዳቱ ርዝመቱ ነው። ሪፋምፒሲንና ኢሶኒያዚድ በየቀኑ ለሦስት ወር ለልጆች ይመቻል፤ የሚሟሟ ክኒን አለውና። ሪፋፔንቲንና ኢሶኒያዚድ በሳምንት አንድ ቀን ለሦስት ወር፣ በድምሩ 12 ጊዜ፣ ለአዋቂ ከሁሉ የሚቀለው ነው። አንዳንዱን ሰው በወሰደ ቀን እንደ ጉንፋን ያደርገዋል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሳይታመሙ ባክቴሪያው በውስጣቸው እንዳለ ምርመራ ሲያሳይ ብዙ ጊዜ ይህ፣ ወይም ሪፋምፒሲን ብቻውን ለአራት ወር ይሰጣቸዋል። ያልታመመ ሰው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ስለሆነ እዚህ አንድ መድኃኒት ሊበቃ ይችላል።

እኔ ለአዋቂ የሳምንቱን እመርጣለሁ፤ የሚያልቅ ነገር ይፈጸማል። የኤችአይቪ ወይም የወሊድ መከላከያ መድኃኒት ካለ ግን ቀድሞ መናገር እዚህም ያስፈልጋል፤ ሪፋፔንቲን የሪፋምፒሲን ወንድም ነው።

መከላከያው ከመጀመሩ በፊት ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። «የለም» ብሎ ማለፍ ቶሎ ያስጨርሳል፤ ግን በእውነት ይመልሱ። የታመመ ሰው መከላከያ ብቻ ከወሰደ በአንድ ወይም በሁለት መድኃኒት ብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያ እየታገለ ነው። ከታማሚው ክኒን ቆንጥሮ ለልጅ መስጠትም ያው ነው፤ የልጁ መጠን ይሳሳታል፣ የታማሚውም ይጎድላል። ልጁን ይዘው ይሂዱና የራሱ ካርድ ይውጣለት።